እስከ መቼ ጌታዬ? የየቀኑን ብስጭት በእምነት ለመያዝ የሚረዳ መመሪያ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ጀሪካን የምትሞላ እናት አለች። ጠዋት ልጆቿን ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ታክሲ ተሰልፋ ቢሮ ስትገባ አለቃዋ ሰዓቱን ያያል። ከምሳ በኋላ አንድ ጉዳይ ልታስፈጽም ትሄዳለች፤ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሺ» ትባላለች። ማታ ቤቷ ስትደርስ መብራት የለም። በዚህ መሃል ልጇ ብርጭቆ ይሰብራል። ያን ጊዜ የምትጮኸው ጩኸት የብርጭቆው ብቻ አይደለም። የቀኑ ሁሉ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእንደዚህ ዓይነቱ ቀን ነው። ትልቅ ነገር ሲገጥመን መንገዱን እናውቀዋለን። ሰው ሲታመም ጠበል እንሄዳለን፣ ፈተና ሲደርስ እንሳላለን፣ ሐዘን ሲመጣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ትንንሹን ብስጭት ግን ለእግዚአብሔር መንገር ያሳፍረናል። «ለዚህ ደግሞ ጸሎት?» እንላለን። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ብዙ ሰው ከእምነቱ የሚደክመው በትልቁ መከራ ሳይሆን፣ ማንም በማያየው በየቀኑ ንዴትና «እንዲህ መሆን ነበረበት» እያለ በሚጠብቀው ነገር ነው።

የምጽፈው እንደ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነው፤ ምሳሌዎቼም ከዚያ ቤት የመጡ ናቸው። ፕሮቴስታንትም ካቶሊክም ብትሆኑ እዚህ የምጠቅሳቸው መጻሕፍት በእናንተም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አሉ፤ በራሳችሁ ልማድ ተጠቀሙበት።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ አንድ መዝሙረ ዳዊትና በቀን ሩብ ሰዓት ያህል ነው። አንድ ነገር ላስታውስ። በቤተ ክርስቲያናችን ዳዊት የአብዛኛው መዝሙር ቁጥር በሌሎች ትርጉሞች ካለው በአንድ ያንሳል። ስለዚህ ሁለቱንም ቁጥር እጽፋለሁ፤ የሌላው በቅንፍ ነው።

መጀመሪያ፦ አፍን መያዝ

ደም ሲፈላ ምንም ዓይነት ጥልቅ ሐሳብ አይሠራም። በዚያች ደቂቃ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምላስን ማዘግየት። ያዕቆብ በመልእክቱ «ሰው ሁሉ ለመስማት የፈጠነ ለመናገርም የዘገየ ለቁጣም የዘገየ ይሁን» ይላል። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። መናገር ሲዘገይ ቁጣውም አብሮ ይዘገያል።

እንዴት? በቤተ ክርስቲያን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ እንላለን። ይህን ወደ መንገድ ይዛችሁ ውጡ። መቁጠሪያ ባይኖራችሁም እጃችሁ አለ። በአውራ ጣት የአራቱን ጣቶች አንጓ ስትቆጥሩ አንድ ዙር 12 ይሆናል። ሦስት ዙር ቆጥራችሁ 5 ስትጨምሩ 41 ይሞላል። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ባንክ ወንበር ላይ፣ አለቃ ቢሮ በር ላይ ሆናችሁ ማንም ሳያውቅ መቁጠር ትችላላችሁ። ድምፅ አያስፈልግም። ቆጥራችሁ እስክትጨርሱ የመጀመሪያው እሳት ይወርዳል። ንዴቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ እንዲጠፋም አትጠብቁ። አፋችሁ ግን በእጃችሁ ይሆናል።

ስልክም አፍ ነው። በንዴት የተጻፈ ቴክስት፣ በንዴት የተቀዳ የቴሌግራም ድምፅ ከአፍ ቃል ይብሳል፤ ሰውዬው ደጋግሞ ይሰማዋልና። ጻፉት፣ ግን አትላኩት። ቁጥሩን ጨርሳችሁ እንደገና አንብቡት። አብዛኛውን ጊዜ ግማሹን ታጠፉታላችሁ።

ሐዋርያው ጳውሎስ «አትቆጡ» አላለም። «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ፤ በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ነው ያለው። ለቁጣ የጊዜ ገደብ ሰጠው ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ፀሐይ የምትገባው ወደ 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ሰዓቱ ለማስታወስ ቀላል ነው። ጠዋት የተቀየማችሁትን ሰው እስከ 12 ሰዓት ድረስ ወይ አነጋግሩት፣ ወይ ነገሩን ከታች እንደምለው በደብተር ላይ አውርዱት። ዲሲ ወይም ዱባይ ሆናችሁ የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ ደግሞ ገደባችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ያለው ሰዓት ይሁን።

ሁለተኛ፦ ሰውነትን መጠየቅ

አንደኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 18 ላይ ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ሲወርድ አይቷል። ምዕራፍ 19 ላይ ያው ሰው በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ይለምናል። ንግሥት ኤልዛቤል ዛተችበት፣ ሮጠ፣ ደከመ፣ «ይበቃኛል» አለ።

እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልተቆጣውም። «ትናንት ያንን ሁሉ አይተህ ዛሬ እንዲህ ትሆናለህ?» አላለውም። መልአክ ላከለት። መልአኩ ቀሰቀሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። አጠገቡ የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውሃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም ለሁለተኛ ጊዜ ቀስቅሶ አበላው። እግዚአብሔር «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ከዚያ በኋላ፣ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው።

ይህን ክፍል እጅግ እወደዋለሁ። ብዙዎቻችን የእምነት ድካም ነው ብለን ራሳችንን የምንወቅሰው ነገር ረሃብና እንቅልፍ ማጣት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ምንም ከመመርመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ዛሬ በልቻለሁ? ትናንት ተኝቻለሁ? ካለ ሥራ ሩብ ሰዓት ተቀምጫለሁ? መልሱ «አይ» ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

በጾም ቀን ጥንቃቄው ይጨምራል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚቆይ ሰው ሰውነቱ ይደክማል። አባቶች ዓይንም አንደበትም ይጹም የሚሉት ለዚህ ነው። የታመማችሁ፣ እርጉዝ የሆናችሁ፣ የምታጠቡ እናቶች ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ በራሳችሁ ላይ ያልታዘዘ ሸክም አትጫኑ። ሥራ መልቀቅን፣ ፍቺን፣ ከወንድም ጋር መቆራረጥን የመሰለ ትልቅ ውሳኔ ደግሞ በባዶ ሆድና በሌሊት አትወስኑ። ጠዋት ይወሰናል።

ሦስተኛ፦ የጠበቁትን ነገር ማውጣት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ጊዜ ስጡት።

ጌታ በተነሣበት ቀን ሁለት ደቀ መዛሙርት ወደ ኤማሁስ ይሄዱ ነበር። ጌታ አብሯቸው መሄድ ጀመረ፤ አላወቁትም። ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ጠየቃቸው። እርሱ የማያውቀው ነገር ኖሮ አይደለም። እነርሱ እንዲያወጡት ነው። እነርሱም ነገሩን ሁሉ ተረኩለትና መሃል ላይ የልባቸውን ተናገሩ፦ «እኛ ግን እስራኤልን እንዲቤዥ ያለው እርሱ እንደ ሆነ ተስፋ አድርገን ነበር»። ጌታ ይህን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማ። የገሠጻቸውም፣ መጻሕፍትን የተረጎመላቸውም ከሰማ በኋላ ነው። ከእያንዳንዱ ብስጭት ጀርባ እንደዚህ ያለ «ተስፋ አድርገን ነበር» አለ።

ደብተራችሁን ክፈቱና ሦስት ጥያቄ መልሱ።

ምን ሆነ?
ምን ጠብቄ ነበር?
ይህን እንድጠብቅ ያደረገኝ ማን ነው?

የመጀመሪያው በአንድ መስመር ይበቃዋል። ስድብና ሐተታ አትጨምሩበት። ሁለተኛው ላይ ሐቀኛ ሁኑ፤ ሞኝ የሚያስመስል ቢሆንም ጻፉት። ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ ከአራት አንዱ ይሆናል፦ በግልጽ ቃል የገባልኝ ሰው ወይም ተቋም አለ፤ እግዚአብሔር በቃሉ ተናግሯል፤ እኔው ራሴ በልቤ ወሰንኩት፤ ወይም ዘመድ፣ ጎረቤትና ስልኬ ውስጥ ያየሁት ሰው ኑሮ ነው ያስጠበቀኝ።

በምሳሌ ላሳይ። በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበ፣ በ2005 ዓ.ም. እንደገና የተመዘገበ፣ በየወሩ ከደመወዙ እየቆጠበ ዕጣ የሚጠብቅ የአዲስ አበባ ሰው አለ እንበል። አከራዩ ኪራይ በጨመረበት ቀን ሁሉ ያ ቁስል ይነካል። ይህ ሰው ሦስተኛውን ጥያቄ ሲመልስ ሁለት የተለያየ ነገር ያገኛል። አንደኛው «ቆጥብ፣ ቤት ታገኛለህ ተብዬ ነበር» የሚል ነው። ይህ ትክክለኛ ጥበቃ ነው። መከፋቱ ተገቢ ነው፤ ማንም «ትዕግሥት የለህም» ሊለው አይገባም። ሁለተኛው ግን «በዚህ ዕድሜዬ የራሴ ቤት ከሌለኝ ከሰው በታች ነኝ» የሚል ነው። ይህን ማን ነገረው? እግዚአብሔር አላለም። መሥሪያ ቤቱም አላለም። ሁለቱ ተደባልቀው ሲኖሩ ንዴቱ መያዣ የለውም። ለየብቻ ሲጻፉ ግን የመጀመሪያው አቤቱታ የሚቀርብበት ጉዳይ ይሆናል፤ ሁለተኛው በጸሎት የሚፈወስ ቁስል ይሆናል።

ሌላ ምሳሌ ከትዳር። «እንደደከመኝ ማወቅ ነበረበት።» ማን ነገረው? ማንም። እዚህ ላይ መፍትሔው ሱባዔ አይደለም፤ እራት ላይ ቁጭ ብሎ «ደክሞኛል፣ ዛሬ ልጆቹን አንተ አስተኛቸው» ማለት ነው። ከምትጽፏቸው ነገሮች ስንቱ እንደዚህ ያለ ያልተነገረ ጥያቄ እንደሆነ ስታዩ ትገረማላችሁ።

ሦስተኛው ምሳሌ ይከብዳል። ዲቪ የሞላ፣ ቁልቢ ገብርኤል የተሳለ፣ የጾመ፣ ያልደረሰው ሰው። «ስለጸለይኩ ማግኘት ነበረብኝ» ብሎ ጽፏል። እባካችሁ እዚህ ላይ ቀስ በሉ። መሳል የቆየ የእምነታችን ልማድ ነው፤ የተሳለውም ሲፈጸምለት ስለቱን ያስገባል። ነገር ግን ስለት እግዚአብሔርን የሚያስገድድ ውል ሆኖ አያውቅም። ጌታ የገባልን ቃል ምንድን ነው? ኃጢአትን ይቅር እንደሚል፣ እስከ ዓለም ፍጻሜ ከእኛ ጋር እንደሚሆን፣ የለመነውን እንደሚሰማ። ደግሞም «በዓለም ሳላችሁ መከራ አላችሁ፤ ነገር ግን አይዞአችሁ፤ እኔ ዓለምን አሸንፌዋለሁ» ብሏል። ቪዛ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። «በዚህ ወር ውስጥ በርህ ይከፈታል» እያሉ በእግዚአብሔር ስም ቀን የሚቆርጡ ሰባኪዎች ብዙ ሰው ያቆስላሉ። ቀኑ ሲያልፍ ሰባኪው ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ሰውዬው ግን ከእግዚአብሔር ጋር ተጣልቶ ይቀራል። እንዲህ ዓይነት ጥበቃ ደብተራችሁ ላይ ካገኛችሁ ምንጩን ጻፉ፦ ይህን ያለው እግዚአብሔር አይደለም።

አንዳንዴ ደግሞ ከራሳችን በጭካኔ ብዙ የምንጠብቀው እኛው ነን። «ሁልጊዜ ፈገግ የምል እናት መሆን አለብኝ።» «ቤቴ ሁሌ ለእንግዳ ዝግጁ መሆን አለበት።» ማርታ ጌታን በቤቷ ተቀበለችው፤ ያደረገችው ነገር መልካም ነበር። ከዚያ ግን ሥራው በዛባትና በእህቷ ተበሳጨች፤ በጌታም ላይ «አይገድህምን?» አለች። እርሱ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራ። «ማርታ፥ ማርታ፥ በብዙ ነገር ትጨነቂአለሽ ትታወኪማለሽ» አላት። አገልግሎቷን አልናቀባትም። ያልታዘዘችውን ብዛት ነው ያሳያት። ለበዓል ዶሮ ወጡ፣ ዳቦው፣ ጠላው፣ አዲስ መጋረጃው ሁሉ ካልተሟላ የምትታመሙ እህቶቼ፣ ከዝርዝሩ ሁለቱን ሰርዙ። እንግዳው የሚመጣው እናንተን ብሎ ነው።

አራተኛ፦ ለእግዚአብሔር ማማረር

ስለ እግዚአብሔር ለሰው ማማረርና ለእግዚአብሔር ለራሱ ማማረር የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛውን ዳዊት ራሱ አስተምሮናል። መዝሙር 12 (13) ን አውጡ። አጭር ነው፤ ቡና እስኪፈላ ታነቡታላችሁ። መጀመሪያው ላይ «እስከ መቼ» የሚለው ጥያቄ አራት ጊዜ ይደጋገማል። እስከ መቼ ትረሳኛለህ፣ እስከ መቼ ፊትህን ትሰውራለህ፣ እስከ መቼ በልቤ እጨነቃለሁ፣ እስከ መቼ ጠላቴ ይጓደድብኛል። ከዚያ ልመና ይመጣል፦ ዓይኖቼን አብራ። መጨረሻ ላይ በምሕረቱ መታመን። ይህ መዝሙር በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ውስጥ ያለ፣ በየሳምንቱ የሚደገም ነው። እንግዲህ «እስከ መቼ» ማለት ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ማን ያስደግመን ነበር?

አሁን የራሳችሁን በዚያው ቅርጽ ጻፉ። ስሙን ጥሩ። የሆነውን ንገሩት፤ በግእዝ ወይም በመጽሐፍ አማርኛ መሆን የለበትም፣ ለእናታችሁ እንደምትነግሩት አድርጉ። አንድ ነገር ብቻ ለምኑ። ከዚያ ከዚህ በፊት ያደረገላችሁን አንድ ነገር አንሡ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጌታዬ፣ ዛሬም ጉዳዬ ሳያልቅ ተመለስኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ውርደት ተሰማኝ፣ አንጀቴ አሯል። እስከ መቼ ነው የምመላለሰው? ነገ ስሄድ እንዳልሳደብ አፌን ያዝልኝ። ልጄ ታሞ በነበረ ጊዜ ሌሊቱን እንዳሳለፍክልኝ አልረሳሁም። አሜን።»

ይህ በቂ ጸሎት ነው።

የመጨረሻዋ የመታመን መስመር የማትመጣበት ቀን ይኖራል። ያን ቀን አስመስላችሁ አትጻፏት። መዝሙር 87 (88) ን አንብቡ። እርሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጩኸት ነው፤ በጨለማ ይዘጋል። እግዚአብሔር ይህንን መዝሙር ከቅዱስ መጽሐፉ አላወጣውም። በአፋችን «ተመስገን» እያልን ልባችን እየደማ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚደማውን እናሳየው። ምስጋናው ይመጣል፤ ሲመጣም እውነተኛ ይሆናል።

ሐና ይህንን ታውቅ ነበር። ልጅ አልነበራትም፤ ጣውንቷ በየዓመቱ ታበሳጫት ነበር። በሴሎ ቤተ መቅደስ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ አለቀሰች፤ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። «ልቤ ያዘነብኝ ሴት ነኝ፤ ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰስሁ» የሚል ዓይነት መልስ ሰጠችው። ዔሊም ባረካት። ሄዳ በላች፤ ፊቷም ከዚያ ወዲያ ያዘነ አልነበረም። ኋላ የወለደችው ሳሙኤል ግን ገና አልተፀነሰም ነበር። ልቧ ያረፈው ልጁን ከማግኘቷ በፊት ነው። ከዚህ የአሠራር መንገድ የምትጠብቁት ውጤት ይህ ይሁን።

ጊዜውን በተመለከተ፦ ቤተ ክርስቲያን በቀን ሰባት የጸሎት ሰዓት ሰጥታናለች። ሠራተኛ ሁሉንም መጠበቅ ቢያቅተው ሁለቱን ይያዝ። ቀትር 6 ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ 9 ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት ነው፤ ሁለቱም የሰው ብስጭት የሚበዛባቸው የሥራ ሰዓቶች ናቸው። ሙስሊም የሥራ ባልደረቦቻችን ሶላት ሲደርስ ተነሥተው ሲሄዱ እናያለን። ሥራውም አይቆምም፣ እነርሱም ተረጋግተው ይመለሳሉ። እኛም ሁለት ደቂቃ አናጣም።

አምስተኛ፦ ገጹን በመስመር መክፈል

ከጸሎት በኋላ በገጹ መሃል መስመር አስምሩ። በአንድ ወገን «የእኔ»፣ በሌላው «የእርሱ» በሉ። የእኔ በሚለው ሥር ነገ በእጄ የማደርገውን አንድ ነገር ብቻ ጻፉ። ስልክ መደወል፣ ማመልከቻ መጻፍ፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ ሻማና ፓወር ባንክ መግዛት። የእርሱ በሚለው ሥር የማልቆጣጠረውን፦ የሰውየውን ልብ፣ ዕጣውን፣ መብራቱ የሚመጣበትን ሰዓት። ጌታ «ለነገ አትጨነቁ፥ ነገ ለራሱ ይጨነቃልና፤ ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል» ያለውን እዚህ ላይ ጻፉት።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው ነገር አለኝ። ትዕግሥት ማለት መብትን መተው አይደለም። ጳውሎስ ከሲላስ ጋር በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ ታሰረ። በእስር ቤት ሌሊቱን ዘመረ። ሲነጋ ገዢዎቹ «ውጣ» ብለው ሲልኩበት ግን በስውር አልወጣም። ሮማዊ ሆነን ሳለን ያለ ፍርድ ደብድበውናል፣ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። መጥተውም ለመኑት። ሌሊት የዘመረውና ጠዋት መብቱን የጠየቀው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ቢሮ ከመለሳችሁ ቅሬታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ ኮፒውን አስቀሩ፣ ቀኑን መዝግቡ። ደመወዝ ካስቀረባችሁ ጠይቁ። ቤት ውስጥ የሚመታ ካለ ደግሞ «ቻዪው» የሚል ምክር አትቀበሉ፤ መጀመሪያ ደኅና ቦታ ሂዱ፣ ጸሎቱ እዚያም ይሰማል።

ስድስተኛ፦ ሌላው ከእኛ የሚጠብቀው

በዓል ሲመጣ የሚፈሩ ሰዎች አሉ። «መቼ ነው የምታገቢው?» «ልጅስ?» «እስካሁን ኪራይ ቤት ነው ያለኸው?» ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይደለም የሚጠይቁት፤ ጥያቄው ግን ይወጋል። መልሱን ከቤት አዘጋጅታችሁ ውጡ። «እትዬ፣ ጸልዩልኝ፤ ሲሆን መጀመሪያ የምነግርዎ ለእርስዎ ነው» ማለት ይበቃል። አክብሮትም አለው፣ በሩንም ይዘጋል። ለእኩያ ደግሞ «ይህ ጥያቄ ይከብደኛል፣ ሌላ እናውራ» ማለት ነውር የለበትም።

በዓረብ አገር የምትሠሩ እህቶች፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ሁለት ሥራ የምትሠሩ ወንድሞች የተሸከማችሁት ጥበቃ ሌላ ነው። ከአገር ቤት የሚመጣ ስልክ ሁሉ ገንዘብ ሲሆን ልብ ይደክማል። ከዚያ መድከሙ ራሱ ያሳፍራል። በወር የምትችሉትን መጠን በጸሎት ወስኑ፤ ለቤተሰብ ቁጥሩን በግልጽ ንገሩ። «እልካለሁ» ብሎ አለመላክ ከ«አልችልም» የበለጠ ይጎዳል። ጌታ «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» ያለው ለገንዘብም ይሠራል። እናንተም አገር ቤት ያላችሁ፣ ቀጥሎ ስትደውሉ ስለ ገንዘብ ሳታነሡ «እንዴት አደርሽ? በልተሻል?» ብላችሁ ዝጉ።

ሰባተኛ፦ ለማን ይነገራል

የኢዮብ ወዳጆች መጀመሪያ ላይ መልካም ሠሩ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሕመሙ እጅግ መሆኑን አይተው አንዲት ቃል አልተናገሩም። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በሚያማርረው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በአስረጂዎቹ ላይ ነው። ስለዚህ የምታወሩት ሰው ስትመርጡ መስማት የሚችለውን ምረጡ። እናንተም በተራችሁ ሰሚ ስትሆኑ «ለበጎ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ያንን ቃል ባለቤቱ ሲደርስ ራሱ ይበለው።

የንስሐ አባታችሁን ኃጢአት ሲኖር ብቻ አትፈልጓቸው። «አባ፣ በየቀኑ እበሳጫለሁ፣ ልጆቼ ላይ እጮኻለሁ» ብላችሁ ሂዱ። ደብተሩንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ነገሩ ተለይቶ ስለተጻፈ ለመምከር ይቀላቸዋል።

ብስጭቱ ወደ ሌላ ነገር ከተለወጠ ግን ምልክቱን እወቁ። ለሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ደስ ይል የነበረው ሁሉ ባዶ ከሆነ፣ በተለይ ሞት ከተመኛችሁ ለቅርብ ሰው ዛሬውኑ ንገሩና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ለዚሁ የአእምሮ ሕክምና የቆመ ነው፤ በሌሎች ሆስፒታሎችም ክፍሉ አለ። ጠበል የምትጠመቁ ከሆነ መድኃኒቱን አታቋርጡ። ማንም «እምነት ካለህ ክኒኑን ጣል» ቢላችሁ አትስሙት። መልአኩ ለኤልያስ ያቀረበው ምግብ ከእግዚአብሔር እንደነበረ ሁሉ ሐኪሙም ከእርሱ ነው።

ደብተሩን ማንበብ

በየረቡዑ ወይም በየአርቡ፣ በጾሙ ቀን፣ የሳምንቱን ገጾች አንብቡ። በየቀኑ ማንበብ ያደክማል፤ ቁስልም ያስቆሰቁሳል። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ የጻፋችሁትን መልስ ተከታተሉ። ተደጋግሞ የሚመጣው የሰው ኑሮ ከሆነ ከስልካችሁ ላይ ማንን መከተል እንደምታቆሙ ታውቃላችሁ። ተደጋግሞ የሚመጣው የራሳችሁ ትእዛዝ ከሆነ ለንስሐ አባት የሚቀርበው እርሱ ነው። የተፈጸመውን በቀይ እስክሪብቶ ቀኑን ጽፋችሁበት፣ በዕለቱ «ተመስገን» በሉ።

ሳይፈጸሙ የሚቀሩ ይኖራሉ። እነርሱን አትቅደዱ። ደብተሩ ሲያልቅ ወደ አዲሱ የመጀመሪያ ገጽ ገልብጧቸው፤ ከጎናቸውም መጀመሪያ የጻፋችሁበትን ቀን አስፍሩ። ከዚያ እንደገና ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቋቸው፤ ዓምና የጻፋችሁት መልስ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።